ለመጓጓዣም ለጌጥም፦ ከአሸዋ ላይ ንድፍ እስከ ሄልዉድ ፋብሪካ



ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር የጉዞ ገጻችን ወደ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝና ወደ ጎረቤቷ ዌልስ ይዟችሁ ይሄዳል። የምንከተለው የአንድ መኪና ዱካ ነው። መኪናው ሬንጅ ሮቨር ኢቮክ ይባላል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከቤት መኪና ከፍ፣ ከትልልቆቹ የገጠር መኪናዎች ደግሞ አነስ ያለ፣ በከተማ ለምቾት በጭቃና በአሸዋም እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ የቅንጦት መኪና ነው። ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ መልኩን በሥዕል ያውቁታል። የት እንደሚሠራ፣ በውስጡ ምን እንዳለና ከምን እንደተነሳ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የሙስሊም ቤተሰብ መጽሔት ስለ ቅንጦት መኪና ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሱረቱ ነሕል አላህ (ሱ.ወ) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ልንቀመጣቸውም ለጌጥም እንደፈጠረልን ካወሳ በኋላ፣ እኛ የማናውቀውንም ነገር እንደሚፈጥር ይነግረናል። መጓጓዣና ጌጥ ጎን ለጎን ከጸጋዎች ተርታ ተቆጥረዋል። በሱረቱል ቀሶስ ደግሞ ቃሩን በጌጡ ተሽቀርቅሮ ወደ ሕዝቡ መውጣቱን፣ ያዩትም የዱንያ ወዳጆች የእርሱን ዓይነት ሀብት መመኘታቸውን፣ በመጨረሻም እርሱና ቤቱ በምድር መዋጣቸውን እንማራለን። እንግዲህ ጌጥ ጸጋ የሚሆነው የት ላይ ነው? ፈተና የሚሆነውስ ከየት ጀምሮ ነው? በመንገዳችን ሁሉ ይዘነው የሄድነው ጥያቄ ይህ ነበር።

በአሸዋ ላይ የተሳለ መኪና

የኢቮክ የዘር ሐረግ የሚጀምረው ከቅንጦት አይደለም። የሚጀምረው ከእርሻ ማሳ ነው። በሰሜን ዌልስ፣ ከዋናው ምድር በሜናይ የባሕር ሰርጥ የተለየች አንግልሲ የምትባል ደሴት አለች። ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረው አንደኛው ድልድይ መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ ያቆመውና በ1826 የተከፈተው በብረት ሰንሰለት የተንጠለጠለው ድልድይ ነው። ከድልድዩ አልፈን ወደ ምሥራቃዊው ዳርቻ ስንወርድ ሬድ ዋርፍ ቤይ ከሚባለው ወሽመጥ ደረስን። ባሕሩ ሲሸሽ እጅግ ሰፊ የሆነ እርጥብ አሸዋ ይተዋል። ነፋሱ ጃኬት ያስቆልፋል። መንገደኞች ነበርንና ዙህርና ዐስርን አሳጥረን አንድ ላይ ሰገድን። ምድር ለዚህ ኡማ መስገጃ መደረጓን በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው ይበልጥ ያስተውላል።

ሞሪስ ዊልክስ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። በዚህች ደሴት የእርሻ መሬት ነበረው። በእርሻው ላይ የሚገለገለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፈች አሮጌ የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ጂፗ አርጅታ ስትደክም በምን እንደሚተካት ያስብ ጀመር። በ1947 በዚህ ዳርቻ ላይ ሳለ ለወንድሙ ለስፔንሰር የአዲሱን መኪና ቅርጽ በአሸዋው ላይ እንደሳለለት በታሪካቸው ይነገራል። ንድፉን ባሕሩ ወዲያው አጥቦት ይሆናል። ሐሳቡ ግን ተረፈ። በ1948 ኤፕሪል 30 ቀን ላንድሮቨር በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ።

የመጀመሪያው ላንድሮቨር ምን ይመስል ነበር? ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ላሜራን በውድ መሣሪያ መጫን እንዳያስፈልግ ቅርጹን ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ አደረጉት። ቀለሙም ከጦር አውሮፕላኖች የተረፈው አረንጓዴ ነበር። ሞተሩ የእርሻ መሣሪያ እንዲያንቀሳቅስም ተደርጎ ነበር። ችግር ያወጣው ብልሃት ነው ማለት ነው። ያ ችግር የሰጠው መልክ ግን ለአሥርተ ዓመታት የመኪናው ኩራት ሆኖ ኖረ። በአገራችን ገጠሮችም ባሌስትራው እያንገጫገጨ ዳገቱን የሚወጣውን ላንድሮቨር የማያስታውሱ አባቶች ጥቂቶች ናቸው።

በ1970 የዚያው ኩባንያ መሐንዲሶች ሬንጅ ሮቨርን አወጡ። በባሌስትራ ፋንታ ሞላ ገባለት። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚነዱ ሆኑ። ሞተሩ 3.5 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ነበር። ወለሉ ግን አሁንም በውኃ ቱቦ የሚታጠብ የገበሬ ወለል ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1971፣ በፓሪሱ የሉቭር ቤተ መዘክር እንደ ንድፍ ሥራ ለዕይታ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ጌጡ እየበዛ፣ የእርሻው ሽታ እየራቀ ሄደ። ቀጥሎ የምናየው ኢቮክ የዚህ መንገድ የቅርብ ጊዜ ፍሬ ነው።

ሀብት ከየት መጣ?

ከዌልስ ወደ ሊቨርፑል ለመግባት ከበርክንሄድ በኩል ከመርሲ ወንዝ በታች የሚያልፈውን፣ በ1934 የተከፈተውን ዋሻ ተከተልን። ከዋሻው ሲወጡ ከተማይቱ መሐል ናቸው። በወንዙ ዳር ታላላቅ ሕንጻዎች ተሰልፈዋል። ከእነርሱ አንዱ በ1911 የተጠናቀቀው የሮያል ሊቨር ሕንጻ ነው፤ በሁለቱ ማማዎቹ ላይ ሁለት የመዳብ ወፎች ቆመዋል። አልፎ በ1846 የተከፈተው አልበርት ዶክ የመርከብ ማራገፊያ አለ። ከዚህች ከተማ ወደ ማንቸስተር በ1830 የተከፈተው የባቡር መስመር በሁለት ከተሞች መካከል በእንፋሎት ኃይል መንገደኛ ካመላለሱት የዓለም መስመሮች ቀዳሚው ነው። ሊቨርፑል ከመኪናው በፊትም የማሽን አገር ነበረች።

ሆኖም ይህ ሁሉ ድንጋይ በምን ገንዘብ ተካበ? በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከእንግሊዝ የሚነሱት የባሪያ መርከቦች አብዛኞቹ የሚነሱት ከሊቨርፑል ነበር። ከተማይቱም ይህን አልሸሸገችም። በ2007 በዚያው በመርከቦቹ ማራገፊያ ዓለም አቀፍ የባርነት ቤተ መዘክር ከፍታለች። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው በቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ እንደሚጠየቅ አስተምረዋል፦ ከየት እንዳገኘውና በምን ላይ እንዳዋለው። በመርሲ ዳር ቆሞ ያማሩ ሕንጻዎችን ለሚያይ ሙስሊም የመጀመሪያው ጥያቄ ክብደቱ እዚያው ይሰማዋል። የኋላ ኋላም ከመኪናው ጋር እንደገና እናገኘዋለን።

በሄልዉድ ደጃፍ

ከላይም ስትሪት የባቡር ጣቢያ ተሳፍረን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ስንጓዝ ሄልዉድ ደረስን። ኢቮክ የሚሠራው እዚህ ነው። ፋብሪካው የተከፈተው በ1963 ነበር። ያን ጊዜ ባለቤቱ ፎርድ ነበር፤ የመጀመሪያ ምርቱም አንግሊያ የምትባለው ትንሽ የቤት መኪና ነበረች። ቀጥሎ እስከ 2000 ድረስ ፎርድ ኤስኮርት ተሠራበት። በ2001 ጃጓር ኤክስ ታይፕ ተተካ፤ በ2006 ላንድሮቨር ፍሪላንደር 2 ተጨመረ። በ2008 የሕንዱ ታታ ሞተርስ ጃጓርንና ላንድሮቨርን ከፎርድ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛቸው። አንድ ጊዜ ሕንድን ትገዛ የነበረች አገር ታዋቂ መኪናዎች የሕንድ ኩባንያ ንብረት ሆኑ። የዱንያ ቀናት በሰዎች መካከል እንደሚዘዋወሩ ለሚያምን ሰው ይህ አያስገርምም።

ግዢው በተፈጸመበት ዓመት የዓለም የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። መኪና የሚገዛ ጠፋ። በ2009 መጨረሻ የኤክስ ታይፕ ምርት ቆመ። የሄልዉድ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የፋብሪካው በር ይዘጋ ይሆን ብለው የሚጨነቁበት ወቅት ነበር። ተስፋቸው በአንድ የናሙና መኪና ላይ ተንጠለጠለ። ይህ ናሙና በ2008 ጃንዋሪ ወር በአሜሪካ ዲትሮይት የታየው ኤል አር ኤክስ ሲሆን፣ የንድፍ ሥራውን የመራው ጄሪ ማክገቨርን ነበር። መንግሥትም በሄልዉድ እንዲሠራ እስከ 27 ሚሊዮን ፓውንድ ድጋፍ ለመስጠት ቃል ገባ። በ2011 ጁላይ የመጀመሪያው ኢቮክ ከመስመሩ ወጣ። በ2012 ኩባንያው 1,000 ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደሚቀጥርና ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ሌሊትና ቀን እንደሚሠራ አስታወቀ። የሠራተኛው ቁጥርም ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው በሦስት እጥፍ አድጎ ወደ 4,500 ተጠጋ።

እኛ ፋብሪካው አጥር ዳር የቆምነው ፈረቃ በሚለዋወጥበት ሰዓት ነበር። አንዱ ወገን የምሳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይገባል፣ ሌላው ዓይኑን እያሸ ይወጣል። በአብዛኞቹ ሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ላይ የቆሙት ኢቮኮች አይደሉም፤ ርካሽ የቤት መኪናዎች ናቸው። ለአንዱ ጌጥ የሆነው ለሌላው እንጀራ ነው። ሪዝቅ በዚህ መልክ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ቅንጦትን ስናወግዝ ይህን የሰው ላብ ማቃለል የለብንም።

የሠራተኛው ኑሮ ግን አሁንም በቀጭን ክር የተያዘ ነው። በ2025 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ኩባንያው በኮምፒውተር መረቡ ላይ ጥቃት ደርሶበት በእንግሊዝ ያሉት ፋብሪካዎቹ ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ሥራ አቆሙ። የማሽኖቹ ብረት ምንም አልሆነም፤ የሚያዛቸው መልእክት ብቻ ተቋረጠ። ዕቃ የሚያቀርቡ ትንንሽ ድርጅቶች ሳይቀሩ ተንገዳገዱ።

ከላሜራው በታች ያለው ጥበብ

አሁን ወደ መኪናው አሠራር እንግባ። የድሮው ላንድሮቨር ከታች ወፍራም የብረት ቻንሲ አለው፤ አካሉ ከላዩ በብሎን ይታሰራል። ኢቮክ እንዲህ ያለ ቻንሲ የለውም። አካሉ ራሱ ሸክም ተሸካሚ ነው። ላሜራዎቹ ተበይደው እንደ እንቁላል ቅርፊት አንዱ ሌላውን ይደግፋል። በግጭት ጊዜ ተሳፋሪውን በሚጠብቁት ቦታዎች ቦሮን የተጨመረበት እጅግ ጠንካራ ብረት ገብቷል። በመጀመሪያው ኢቮክ ላይ ኮፈኑና ጣሪያው ክብደት ለመቀነስ ከአሉሚኒየም ተሠሩ። አሉሚኒየም በ1948 የገባው በችግር ነበር፤ በ2011 የገባው በስሌት ነው።

ሞተሩ እንደ ድሮው በቁመት አልተቀመጠም። በአግድም ተኝቶ መጀመሪያ የሚነዳው የፊቱን ጎማዎች ነው። ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ በዘይት ግፊት የሚጣበቁ የፍሪሲዮን ዲስኮች አሉት። የፊቱ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ዲስኮቹ ይጣበቁና ኃይሉ ወደ ኋላ ይተላለፋል። ከ2013 ጀምሮ በአንዳንዶቹ ላይ የገባው ዘዴ ደግሞ መኪናው በደልዳላ መንገድ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ሲፈጥን ያንን ዘንግ ጨርሶ ያላቅቀዋል፤ ነዳጅ በከንቱ እንዳይባክን ነው። መንገዱ ሲበላሽ ከሴኮንድ አንድ ሦስተኛ ባነሰ ጊዜ መልሶ ያገናኘዋል። በዚያው ዓመት ባለ 9 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ተገጠመለት። ኢቮክ የድሮው ላንድሮቨር ያለው የዳገት ማርሽ የለውም፤ በእርሱ ፋንታ አንደኛው ማርሽ እጅግ አዝጋሚና ጉልበታም እንዲሆን ተደርጓል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ግን አሞርዛተሩ ነው። በአንዳንዶቹ ኢቮኮች አሞርዛተር ውስጥ ያለው ዘይት ደቃቅ የብረት ብናኞች የተቀላቀሉበት ነው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ማግኔት ይፈጠርና ብናኞቹ ይሰለፋሉ፤ ዘይቱም ወዲያው ይወፍራል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መልሶ ይቀጥናል። መኪናው የራሱን እንቅስቃሴ በሴኮንድ እስከ 1,000 ጊዜ እየመረመረ፣ ለጉድጓዱ ለስላሳ ለኩርባው ጠንካራ ይሆናል። በቁርአን በብረት ስም የተሰየመች ሱራ አለች፤ በብረት ውስጥ ብርቱ ኃይልና ለሰዎች ጥቅም እንዳለ ታስታውሰናለች። ኃይሉን በሰይፍና በመድፍ ብዙ ዘመን አየነው። ጥቅሙ እስከ ብናኝ ድረስ እንደሚወርድ ማየት ለልባችን ሌላ ነገር ነበር። ሰው የፈጠረው ብረቱንም ማግኔቱንም አይደለም። በፍጥረት ውስጥ የተቀመጠውን ሕግ አገኘ፣ በትዕግሥትም ተጠቀመበት።

በ2018 ኖቬምበር ሁለተኛው ኢቮክ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያው ከ770,000 በላይ ተሽጦ ነበር። በአዲሱ ላይ ዲናሞው 48 ቮልት በሚሠራ ማሽን ተተካ። ይህ ማሽን ፍሬን ሲያዝ የሚባክነውን ኃይል ሰብስቦ ከወለሉ በታች ባለ ባትሪ ያስቀምጣል፤ መኪናው ሲነሳ ደግሞ መልሶ ያግዘዋል። በውኃ ውስጥ የሚያልፍበት ጥልቀት ከ50 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር አደገ። በ2020 በኤሌክትሪክ የሚሞላው ዓይነት ተጨመረ። በዚህኛው የፊቱን ጎማ 1.5 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር፣ የኋላውን ደግሞ 80 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ሞተር ይነዳዋል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ቀርቷል፤ ሁለቱን የሚያስማማው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ባትሪው 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። በመለኪያው መሠረትም ያለ ቤንዚን እስከ 66 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ጌጡ ያስከፈለውም ዋጋ አለ። የኢቮክ ውበት ያለው ወደ ኋላ እያዘቀዘቀ በሚሄደው ጣሪያና ወደ ላይ በሚወጣው የመስኮት መስመር ነው። በዚህ የተነሳ የኋላ መስኮቱ ጠባብ ሆነ፤ ሹፌሩ በስፖኪዮው የሚያየው ትንሽ ነው። መሐንዲሶቹ በሁለተኛው ኢቮክ ላይ መፍትሔ አበጁ። ከጣሪያው ላይ ካሜራ ሰቀሉና ስፖኪዮውን ወደ ቴሌቪዥንነት ቀየሩት። ኮፈኑ ከፊት የሚጋርደውን መሬት የሚያሳይ ሌላ የካሜራ ዘዴም ጨመሩ። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጌጥ ያጠበበውን ዕይታ ለማስፋት ሌላ ጌጥ አስፈለገ። ክብደቱም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው 1.6 ቶን አካባቢ ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሞላው ከ2 ቶን ያልፋል። አንድ ሰው ዳቦ ገዝቶ ለመመለስ ያን ሁሉ ብረት ያንቀሳቅሳል። አባቶቻችን ለበቅሎዋ ከጭነቷ በላይ አያስጌጧትም ነበር።

ከጁምዓ በኋላ የሰማነው

ሊቨርፑል የየመንና የሱማሌ መርከበኞች ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩባት ከተማ ናት። በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሰል ሲያቃጥሉ የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ ባለ ሱቆች ናቸው። ከከተማይቱ መስጊዶች በአንዱ ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ አንድ ነጭ ኢቮክ ደጃፍ ላይ ቆሞ ወጣቶች ከበውት አየን። ባለቤቱ የየመን ተወላጅ የሆነ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ከወጣቶቹ አንዱ «ወንድሜ፣ በወር ስንት ትከፍልበታለህ?» ሲል ጠየቀው።

«ምንም» አለው እየሳቀ። «ስድስት ዓመት ያገለገለ ነው። እስክገዛው አራት ዓመት አጠራቅሜያለሁ። ባዶ ኪሴን ይዤ አዲስ መኪና ከምነዳ ዕዳ ሳይኖርብኝ አሮጌ ብነዳ ይሻለኛል።»

ወጣቱ በዚህ አልረካም። «አሁን እኮ ጥቂት ቀብድ ከፍለህ ነገውኑ አዲሱን ትወስዳለህ» አለው።

«ትወስዳለህ፤ ግን ያንተ አይሆንም» አለ ሰውየው። «አባቴ ሱቃችንን ሲያቋቁም ከባንክ አልተበደረም። ወለድ በገባበት መኪና የእርሱን ጀናዛ ከኋላው ብከተል አፍር ነበር።»

ይህ ንግግር ብዙ ያስረዳል። ሁለተኛው ኢቮክ ሲወጣ በእንግሊዝ መነሻ ዋጋው 31,600 ፓውንድ ነበር። ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ሰው ጥቂት ነው። በዚያ አገር አብዛኛው አዲስ መኪና ወደ ቤተሰብ የሚገባው በብድር ውል ነው። ቀብድ ይከፈላል፣ በየወሩ ከነወለዱ ይከፈላል፣ በመጨረሻ ደግሞ ትልቅ ክፍያ ይጠበቃል። ያን መክፈል ያልቻለ መኪናውን መልሶ ሌላ ውል ይፈርማል። በጎረቤት ዓይን ባለ መኪና ነው፤ በወረቀቱ ግን ለዓመታት የሪባ ከፋይ ነው። በመርሲ ዳር የተነሳብን የ«ከየት» ጥያቄ እዚህ ከአንድ ቤተሰብ ጓዳ ገባ ማለት ነው።

በአገራችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ወጣቶቻችን ነገ የሚመኙት መኪና የኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ምኞቱ ግን ያው ነው። በ2021 ሥራ እንደጀመሩት እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች መኖራቸው ደግሞ «አማራጭ የለኝም» ለሚለው ሰው ምክንያቱን አጥብቦበታል።

ስምንት ቁጥር ቤት

ሊቨርፑልን ሳንለቅ አንድ ቤት ማየት ነበረብን። ዌስት ደርቢ ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ ብሮሃም ተራስ የሚባሉ የተያያዙ ቤቶች አሉ። በ1856 በዚህች ከተማ የተወለደው ዊልያም ሄንሪ ኩዊልያም የሕግ ጠበቃ ነበር። ወደ ሞሮኮ ከተጓዘ በኋላ እስልምናን ተቀበለና አብዱላህ ተባለ። በ1889 ዲሴምበር 25 ቀን በስምንት ቁጥር ቤት መስጊድ ከፈተ፤ በእንግሊዝ አገር ከተከፈቱት መስጊዶች ቀደምቱ ይህ ነው። በገና ዕለት የከተማይቱን ድሆች ማብላት ልማዳቸው ነበር። ሳምንታዊ ጋዜጣ አሳተሙ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ሜዲና ሆም ብለው ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቋሙ። በ1894 የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ አብዱልሐሚድ የብሪታንያ ደሴቶች ሸይኹል ኢስላም አድርገው ሾሙት።

በ1908 ኩዊልያም ከተማይቱን ለቀቀ፤ ጀመዓውም ተበተነ። ቤቱ ለብዙ ዘመን የከተማይቱ አስተዳደር የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ማስቀመጫ ሆኖ ቆየ። ከዚያም ሙስሊሞች ተባብረው አደሱትና በ2014 ዳግም ሰላት ተሰገደበት። ከነጩ በር ውስጥ ገብተን በትንሿ መስገጃ ሁለት ረከዓ ሰገድን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ያጌጠ ነው፤ ማንንም ግን አያሳፍርም። ኩዊልያም የተጓዘው በመርከብና በፈረስ ጋሪ ነበር። የጋሪው ዓይነት ምን እንደነበር ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ወላጅ ላጣ ሕፃን ያዘጋጀው አልጋ ግን እስካሁን ይነገርለታል።

ለቤተሰቦችና ለወጣቶች

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ የመኪና ሥዕል ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ አትቅደዱበት። ጠይቁት። ዘይቱ እንዴት እንደሚወፍር፣ ዘንጉ ለምን እንደሚላቀቅ፣ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ብሎን ስንት እጅ እንዳለፈበት እንዲያጠና አድርጉት። ምኞቱ ወደ እውቀት ከዞረ አንድ ቀን የሚነዳ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ይሆናል። ኡማችን መኪና ገዢ አላጣም፤ ያጣው መሐንዲስ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ያማረ መጓጓዣ መውደድ አላህ በፍጥረታችሁ ያኖረው ነው። ሐላል ሆኖ፣ ዘካው ወጥቶ፣ የቤተሰብ ሐቅ ሳይጓደል ከመጣ ተቀመጡበት፣ የመንገድ ዱዓችሁን አድርጉ፣ የደከመ ሽማግሌ ስታገኙ አሳፍሩበት። በወለድ ወይም በሌላ ሰው መብት ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን በእግር መሄድ ይበልጣል። መኪናው በገባበት ዕለት ሰላምታችሁ ለጎረቤት ከቀነሰ፣ ብረቱ ሳይሆን ልባችሁ እንደተበላሸ እወቁ፤ ያን የሚጠግን ጋራዥ ደግሞ የለም።

ሄልዉድም እንደገና እየተለወጠ ነው። ኩባንያው ፋብሪካውን ለኤሌክትሪክ መኪናዎች ለማዘጋጀት 500 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያወጣ በ2024 አስታውቋል። አንግሊያ ሄደች፣ ኤስኮርት ሄደ፣ ጃጓር ሄደ፤ ኢቮክም የቤንዚን ዘመኑ ማለፉ አይቀርም። አላህ እኛ የማናውቀውን ነገር እየፈጠረ ነውና ልጆቻችን በምን እንደሚጓዙ አናውቅም። በምንም ቢጓዙ በሐላል ገንዘብ ገዝተው፣ በትሕትና ተቀምጠው፣ ለሌላውም ቦታ ትተው የሚጓዙ ያድርግልን። አሚን።